አየር የሚሰርቀው አማች

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ትጣመም። የምምለው ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ዓሣ ስታንኳኳ የሚሰማበትን ታሪክ ሳይምል የሚጀምር ሰው ራሱ ሌባ ስለሚመስል ነው።

ሰውየው የጌጥ ዓሣ ነጋዴ ነው። የወጣለትን ስም የሚያውቁት እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ ለሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ማነው» ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይላል፤ ያ ደህና፣ ሁላችንም እንላለን። እሱ ግን ነፋስ መስኮቱን ሲነካውም «ማነው?» ይላል፤ የገዛ ጥላው ከፊቱ ሲቀድመውም ቆም ብሎ «ማነው?» ይላል። አንድ ጊዜ ቢያስነጥሰው ጎረቤቱ በግድግዳ በኩል «ይማርህ» አለው፤ «ምን ልትሰማ ጆሮህን ለጥፈህ ነው?» ብሎ እስከ ዛሬ አኩርፎታል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሲጠይቁት መልሱ አጭር ናት፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ግድግዳውን ተከትለው የመስታወት ገንዳዎች ተደርድረዋል። ትልቁ ገንዳ መስኮቱ ሥር ያለው ሲሆን፣ ሣር የመሰሉና ሪባን የመሰሉ የውሃ ውስጥ ተክሎች እንደ ጫካ በቅለውበታል። በጫካው መሀል እንደ ባለርስት ወዲያ ወዲህ የምትንጎራደደው ወፍራም ቀይ ዓሣ «እሜቴ» ትባላለች፤ ሱቁ ሲከፈት ታናሽ እህቱ መርጣ የገዛችለት የመጀመሪያዋ ዓሣ ናት። እህቱ ከባሏ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ትኖራለች። ጋሽ ማነው በዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም። ለምን አታገባም ቢሉት «የማላውቃትን ሴት ቤቴ ላስገባ?» ይላል።

ተክሎቹን የሚከረክመው፣ ውሃ የሚቀይረው፣ መስታወቱን የሚወለውለው የእህቱ ባል ነው። ከዚህ ሰው አፍ ቃል የሚወጣው እንደ መንጋጋ ጥርስ በስንት ትግል ስለሆነ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ብሎ ሰይሞታል። ጋሽ ማነው ደግሞ ዝምተኛ ሰው አያምንም። «የሚለፈልፍ ሰው የሚዋሸው ይሰማል፤ ዝም ያለ ሰው ምን እየዋሸ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ጋሽ ማነው ቤቱን «ማጠናከር» በጀመረ ሰሞን ነው።

መጀመሪያ የኦክስጅኑ ሲሊንደር ተሰናበተ። ዓሣ ለገዢ ሲሰጥ ላስቲክ ውስጥ ውሃ ይደረግና ከውሃው በላይ ኦክስጅን ተሞልቶ ይታሰራል፤ ሲሊንደሩ የሥራ ዕቃ ነበር። ግን አንድ ቀን ሬዲዮ አጠገቡ ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ አየውና፣ «ይሄ ሰውዬ ሊያፈነዳኝ ነው!» ብሎ ከመንገዱ ማዶ ላለው በያጅ ሰጠው። ቀጥሎ የአየር ሞተሩ ተራ ደረሰ። ገንዳው ውስጥ አየር የሚነፋው ሞተር ቀኑን ሙሉ ስለሚያጉረመርም የሰው ኮቴ አያሰማም፤ ስለዚህ ከሶኬቱ ነቀለው። «ተክሎቹ ራሳቸው አየር ያወጡ የለም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። ጠዋት ጠዋት ከቅጠሎቹ ላይ የብር ዶቃ የመሰሉ አረፋዎች እየተላቀቁ ወደ ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ቀጥሎ መስኮቱ፦ መንገደኛ እየቆመ ዓሣዬን ይሰልላል ብሎ በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጋረደው።

በመጨረሻ መብራቱ ተቀየረ። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ የአበባ እርሻ ውስጥ የነበረ ነው የተባለ፣ ድብን ያለ ቀይ መብራት አመጣ። ሲበራ ሊከስም የተቃረበ ፍም ነው የሚመስለው። ነጋዴው «ተክል ይወደዋል፤ አበባ የሚያፈነዱት በእሱ ነው» ብሎ ምሎለታል። ጋሽ ማነውን የማረከው ግን ሌላ ነው። በዚያ ብርሃን እሜቴ እንደ ጋለ ብረት ትቀላለች፤ እሱ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳያየው ሁሉን ያያል። ነጩን አምፖል አወረደና ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ሬዲዮ ቀና ብሎ አየ። «ጋሼ፣ ይሄ መብራት...»

«ምን ሆነ መብራቱ?»

«ደስ አላለኝም።»

«አንተን ደስ እንዲልህ መሰለህ የሰቀልኩት? ለመሆኑ በነጩ ምን ልታደርግ አስበህ ነበር?»

ሬዲዮ ተዘጋ።

ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ጠዋት ጋሽ ማነው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ሰማ። «ማነው?» ብሎ በሩን ከፈተ፤ ማንም የለም። ተመልሶ ተቀመጠ። ኳ፣ ኳ። «ማነው ነው እኮ የምለው!» መጥረጊያ አንስቶ ወጣ። ደጁ ላይ የሰፈሩ ድመት ብቻ ናት፤ እሷም ባላጠፋችው አፍራ ሄደች። እንደገና ሲንኳኳ ድምፁ ከጀርባው መጣ። ዞር አለ። እሜቴ ናት! ከውሃው ወለል ሥር ቀጥ ብላ ቆማ፣ አፏን እያንጋጠጠች፣ በግንባሯ መስታወቱን ትደልቃለች። የቀሩት ዓሦች እላይ ተኮልኩለው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

ጋሽ ማነው በእጅ ባትሪ ቅጠሎቹን መረመረ። አረንጓዴ ናቸው፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አልጠወለጉም፣ አልተቦጨቁም። ግን አንዲት ዶቃ የለችም። ቁጭ ብሎ አሰበ። ጤነኛ ቅጠል አየር ይሠራል፤ ይሄ ቅጠል ጤነኛ ነው፤ አየሩ ግን የለም። ተሠርቶ ከሌለ ተወስዷል። ከተወሰደ ወሳጅ አለው። ጠበቃም እንዲህ አድርጎ አይገጣጥመውም።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮን ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተለው ጀመር። አየም። ሬዲዮ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ሳይቆይ ይመለሳል፤ በእጁ ምንም የለም። ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዋናው ነገር ግን ኮቱ ነው። ሲወጣ ቀጭን የነበረው ሰው ሲመለስ ሆዱ ኮቱን ወጥሮታል። «በላው!» አለ ጋሽ ማነው በጨርቁ ቀዳዳ እያጮለቀ። «አየሬን ሸጦ በላው! ምነው ታዲያ ወዲያው ይከሳል? ጥጋብ እንኳ አይበረክትለትም።»

እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ቆረጠ። ከቁርስ በኋላ ጮክ ብሎ «ደረስ ብዬ እመጣለሁ!» አለና በፊት በር ወጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ተመልሶ ገባ፤ ከመስኮቱ ጥቁር ጨርቅ ጀርባ ተሸሸገ። ቆየ። አፍንጫውን አሳከከው፤ ማስነጠሱን ዋጠው። ኮቴ ሰማ፣ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ጨርቁን ገለጥ ቢያደርገው ሬዲዮ ትልቁ ገንዳ ላይ አጎንብሷል። ቀጭን ቱቦ ውሃው ውስጥ ነክሯል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ በብብቱ የያዘው፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ የዓሣ ላስቲክ ውስጥ ገብቷል።

«ያዝኩህ!» ጋሽ ማነው ከጨርቁ ጀርባ ዘሎ ወጣ። «አየሬን ሲስብ! በቱቦ!»

ሬዲዮ ደንግጦ የላስቲኩን አፍ ጨመደደው። «ጋሼ፣ እንዳይወጣ፣ እባክህ...»

«እንዳይወጣብህ? ሰምታችኋል? ራሱ አመነ!» ላስቲኩን ነጠቀና አፉን በክር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ማስረጃ ነው።

ጩኸቱን ሰምታ እህቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። «ምን ሆናችሁ?»

«ባልሽ አየር ሰረቀኝ!»

«ምን?»

«አየር! የዓሦቼን አየር!»

«ጋሼ፣ ጤና የለህም እንዴ? አየር ሰርቆ ለማን ይሸጠዋል?»

ጋሽ ማነው ለዚህም ተዘጋጅቶበታል። «ለጎማ ነፊ!»

እህቱ ልትስቅ አለች፤ ዓይኑን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። «እና አሁን ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣልኝ።»

«እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ።»

«አንቺን ማን ውጪ አለሽ?»

«አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ቁጭ ብዬ አላይማ። ስንት ዓመት ቻልኩህ! ጓደኞቼን ጠረጠርክ፣ ዝም አልኩ። ሠርጌ ላይ ፎቶ አንሺውን ፈተሽክ፣ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን በቃኝ። ከወጣሁ ደግሞ አልመለስም፣ እወቀው።»

ጋሽ ማነው አንድ እርምጃ ወደ እህቱ ተራመደ። ግን ላስቲኩ በእጁ ነው፤ ማስረጃ የያዘ ሰው እንዴት ያፈገፍጋል?

ሬዲዮ ገንዳውን ተመለከተ። «ጋሼ፣ ሌላው ይቅር። ያቺን ላስቲክ ለእሜቴ...»

«ዝም በል!»

ሬዲዮን «ዝም በል» ብሎ የተቆጣ ሰው በታሪክ የመጀመሪያው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሬዲዮም ታዘዘና ዕቃ መጫኛ ጋሪ ሊፈልግ ወጣ። ከጀርባ ክፍል ሻንጣ ሲጎተት ይሰማ ጀመር።

እንዲህ እያለ አንዲት የተክል መምህርት መጣች። ለክፍሏ ተማሪዎች የምታሳየውን የውሃ ተክል ከዚሁ ሱቅ ነው የምትወስደው። በሩን ስታንኳኳ «ማነው?»፣ ማንነቷን ስትናገር «ማን ላከዎት?»፣ ማንም እንዳልላካት ስትምል ደግሞ «ከሬዲዮ ጋር ይዛመዳሉ?» ተባለች። በመጨረሻ ገባች።

«ጥሩ ሰዓት መጡ፤ ምስክር ይሆኑኛል» አለ ጋሽ ማነው። «እስቲ ተክሎቼን ይዩልኝ። ታመዋል?»

መምህርቷ ቅጠሎቹን በባትሪው አየች። «አልታመሙም።»

«ይሄው! ጤነኛ ናቸው! ታዲያ አየራቸው የት ሄደ?»

እሷ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ጨርቁን አየች፤ መብራቱን አየች። «ፀሐይን ከዚህ ቤት ማን አባረራት?»

«እኔ ነኝ። ሰው ያያል።»

«ተክሎቹም ያዩባት ነበር እኮ! ይሄ መብራት ከአበባ እርሻ የመጣ ነው አይደል?»

«ማን ነገረዎት?» አለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ።

«ዓይኔ ነዋ። ቀይነቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ትንሽ ቢያልፍ ጭራሽ ለሰው ዓይን አይታይም።» ጣቷን ውሃ ነክራ መስታወቱ ላይ ሁለት ክብ ሠራች። «ቅጠል ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ክፍሎች አሉ እንበል። የፊተኛው ውሃን ይሰብራል። ከስብርባሪው ኤሌክትሮን የምትባል ደቃቅ ነገር ይወስዳል፤ ኦክስጅኑን አያስፈልገውምና ይጥለዋል። ዶቃ ሆኖ ሲወጣ ያዩት ያንን ነው። ኤሌክትሮኗ እየተቀባበሏት ኋለኛው ክፍል ትደርሳለች። እሱም በብርሃን ጉልበት እንደገና ይገፋታል፤ ወደ ስኳር ሥራ ትሄዳለች።»

«እሺ። ታዲያ መሀል ላይ ማን ጠለፋት?»

«ማንም አልጠለፋት። ይሄ መብራት የፊተኛውን ክፍል ለመቀስቀስ አቅም የለውም፤ ተኝቷል ይበሉት። የኋለኛውን ግን ይቀሰቅሰዋል። የኋለኛው ብቻውን ነቅቶ ኤሌክትሮኗን ይገፋታል፤ ከፊት የምትተካ ሌላ አትመጣም። ስለዚህ የተገፋችው በጓሮ በኩል ዞራ ወደተነሳችበት ትመለሳለች። ደግማ ትገፋለች፤ ደግማ ትመለሳለች።»

ጋሽ ማነው ዓይኑን አጠበበ። «በጓሮ ወጥታ ባዶ እጇን ትመለሳለች? አውቃታለሁ! እኔም ቤት እንደሷ ያለ አለ።»

«ባዶ እጇን ትምሰል እንጂ ስትዞር ሥራ ላይ ናት። ውሃ በእጅ ፓምፕ ወደ ጣሪያ ታንከር እንደሚያወጣ ሰው ይቁጠሯት። በዞረች ቁጥር ሌሎች ደቃቅ ነገሮች በአንድ ወገን ይጠራቀማሉ፤ እነሱ ተጋፍተው ሲመለሱ እንደ መንኮራኩር ያለ ነገር ያሽከረክራሉ። ከእሱ ቅጠሉ የሚሠራበት ጉልበት ይገኛል፤ ኤቲፒ ነው የምንለው። ቅጠሉ እስካሁን ቀጥ ብሎ የቆመው ለዚያ ነው። ግን ውሃ አልተሰበረም። ውሃ ካልተሰበረ ደግሞ አየር የለም።»

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለ ጋሽ ማነው ሳያስበው።

«ልክ እንደዚያ! መዞሩ ክፉ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ያለ ተክልም ጉልበት ሲያጥረው ጥቂቱን ያዞራል። መዞር ብቻ ሲሆን ነው ዓሣ የሚታፈነው።»

«እና አየሬን የሰረቀኝ የለም?»

«ያልተሠራ ነገር ይሰረቃል እንዴ?»

ነገሩ በጋሽ ማነው ጆሮ ገባ፤ ልቡ ግን በሩን ቆልፏል። ከወንበሩ ሥር የታሰረውን ላስቲክ አወጣ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ከገንዳዬ በቱቦ ሲስብ ነው የያዝኩት። ተነፍቷል፣ ይዩት!»

መምህርቷ ከመጥረጊያው አንድ ጭራሮ መዘዘች። ክብሪት ጭራ ለኮሰችው፤ እፍ ብላ ነበልባሉን አጠፋችና ጫፉ ላይ ትንሽ ፍም አስቀረች። «እስቲ ይፍቱት፤ ቀስ ብለው።» ፈታው። ጭራሮውን ወደ ላስቲኩ አፍ ስታስጠጋው ፍሙ ቦግ! ብሎ ነደደ።

«ማነው?» አለ ጋሽ ማነው እሳቱን።

«ኦክስጅን ነው» አለች መምህርቷ እየሳቀች፣ ጭራሮውን አጥፍታ። «ተራ አየር ቢሆን ኖሮ ፍሙ ፍም እንደሆነ ይቀር ነበር። ይሄ ከሲሊንደር የተቀዳ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ የሌለ ነገር ከዚህ ክፍል እንዴት ይወጣል? ከውጭ የገባ ነው።»

ጋሽ ማነው የላስቲኩን አፍ ጨብጦ እንዳቀፈው ቀረ። ሲወጣ ቀጭን፣ ሲመለስ ወፍራም። የገዛ ሲሊንደሩን ማን እንደወሰደው ትዝ አለው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ። ቱቦውም ትዝ አለው፤ እየሳበ መስሎት ነበር፣ ለካ እየነፋ ነው። አየር ወደየት እንደሚሄድ በዓይን አይታይም፤ የጠረጠረ ሰው ደግሞ ወደ ፈለገው ያስኬደዋል። «እንዳይወጣ» ያለውም ስርቆቱ እንዳይወጣበት አልነበረም፤ እሜቴ ሳትተነፍሰው እንዳያልቅ ነው።

ከጀርባ ክፍል የሻንጣ ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ያን ጊዜ ጋሽ ማነው ጥቁሩን ጨርቅ ከነሽቦው ገነጠለው። ፀሐይ እንደ ቆየ እንግዳ ሰተት ብላ ገባች። ተንበርክኮ ቱቦውን ውሃ ውስጥ ነከረና ላስቲኩን በራሱ እጅ ይጨምቀው ጀመር። ትንንሾቹ ዓሦች ወደ አረፋው ተግተለተሉ። እሜቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እህቱ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ላስቲኩ እየሟሸሸ ሄዶ አለቀ። መምህርቷ በጣቷ አንዲት ቅጠል አሳየችው። ከቅጠሏ ጫፍ ላይ አንዲት ዶቃ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል፣ ተንጠልጥላ ነበር። ቆየችና ተላቀቀች። ሌላ ተከተላት። ዝግ ብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ እሜቴ ክንፏን አወዛወዘች።

በሩ ተንኳኳ።

እህቱ ወንድሟን አየችው። መምህርቷም አየችው። የሚላትን ቃል ሁለቱም ያውቋታል፤ አፉም ከፈት ብሎላት ነበር።

«ግባ» አለ።

ሬዲዮ ጋሪውን ደጅ አቁሞ ገባ። ባዶውን ላስቲክ አየ፣ የተገነጠለውን ጨርቅ አየ፣ ገንዳውን አየ። ጋሽ ማነውም እዚያው እንደተንበረከከ እግሩ ላይ ወደቀ። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ! ጨለማውን የሠራሁት ራሴ ነኝ፣ ሌባ የፈለግሁት ግን አንተ ውስጥ ነው። ይቅር በለኝ!» ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ፤ እንባው ገንዳው ውስጥ ገብቶ ውሃው ከፍ አለ።

እህትየው ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

ታሪኩ ይሄ ነው። አሁን በመሐላዬ ልጠየቅ፣ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። ዓሣዋ አይደለችም፤ እሜቴ አንኳኩታለች፣ በዚያ ላይ ምላሴን አስይዛለሁ። የፈጠርኩት ይቅርታውን ነው። ጋሽ ማነው ይቅርታ አልጠየቀም፤ እንባም አልወጣው። የእህቱን ሻንጣ ባሰብኩ ቁጥር ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ስለነበር ጨመርኩለት። እንደ እውነቱ ከሆነ ከጉልበቱ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ከመደርደሪያ ሥር የአየር ሞተሩን አወጣና ለሬዲዮ ዘረጋለት።

«የቱ ሶኬት ላይ ነበር?» አለ። «ጠፋኝ።»

ሬዲዮ ሰካው። ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ የማንም ኮቴ አይሰማም። ጋሽ ማነውም ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሻንጣዋን ግን እህትየው በዚህ በእውነተኛውም ታሪክ መሬት አስቀምጣለች።